ልጆቻችን ኮሌጅ ገቡ፤ ታሪካችንስ?



በቀልድ እንጀምር። ነገሩ የሆነው እዚሁ አሽቀሎን ነው። የአንዲት እናት ልጅ ከወታደርነት ወጥቶ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ አንድ ቀን እየሮጠ መጣና «እማዬ፣ መኺና ተቀበሉኝ!» አላቸው። እሳቸው «ተመስገን፣ ልጄ መኪና ተሰጠው» ብለው እልል አሉ፤ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ። ከጎረቤቶቹ አንዱ «ለመሆኑ መኪናው የት ነው የቆመው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው ነገሩ የተገለጠው። መኺና ማለት ለካ ባግሩቱ ያልሞላለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሚክላላ ከመግባቱ በፊት የሚዘጋጅበት ትምህርት ነው። እኒያ እናት እስከ ዛሬ ይስቁበታል። «ደግ ነው፣ መኪና ቢሆን ቤንዚን ይፈልግ ነበር» ይላሉ።

ያ ልጅ ዛሬ ትኣሩን ጨርሶ ሥራ ይዟል። ብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የልጅ ወይም የልጅ ልጅ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ካባ፣ አራት ማዕዘን ቆብ፣ በጎን ነጭ ቀሚስ የለበሱ እናት። ይህን ያየ ሰው «እንግዲህ ደረስን» ቢል አይፈረድበትም። እኛም እንደዚያ ስንል ነበር። በቅርብ ጊዜ ግን ልጆቻችን ከሚክላላ ሲመለሱ ሦስት ቃላት ይዘው ይመጣሉ፤ ጊቩን፣ ሺቭዮን፣ ሀኻላ። በእኛ ቋንቋ ብዝኃነት፣ እኩልነት፣ አካታችነት ማለት ነው። ኮሌጆቹ ስለዚህ ነገር ስብሰባ ያደርጋሉ፣ መምህራኑ ይሠለጥናሉ ይባላል። ወላጅ ደግሞ «ይሄ ምንድን ነው? ልጄ ገብቶ የለ እንዴ? ሌላ ምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። የቀረውን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።

ለቤተ እስራኤል ልጆች ዘመናዊ የፊደል ትምህርት ይዘው የመጡት መጀመሪያ ሚሲዮኖች ናቸው። በ1860 አካባቢ የለንደኑ አይሁዶችን ክርስቲያን የማድረግ ማኅበር ሰዎች፣ እነ ማርቲን ፍላድና ሄንሪ ስተርን፣ በጎንደር አውራጃ ሥራ ጀመሩ። ጄንዳ ላይ ጣቢያ አቆሙ። ልጅ ይማራል፣ መጽሐፍ ይሰጠዋል፣ ዋጋው ግን ሃይማኖቱ ነበር። አያቶቻችን ልጆቻቸውን ከፊደል የሸሸጉት ድንቁርና ወደው አይደለም፤ ፊደል ተምሮ የሄደ ልጅ ተመልሶ ወደ መስጊዱ እንደማይገባ ስላዩ ነው። መስጊድ ስንል ወጣቶች እንዳትሳሳቱ፣ የእኛ የጸሎት ቤት በአገራችን ስሙ ይኸው ነበር።

ከዚያ በ1904 ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች መጣ። እሱ አይሁዳዊ ነውና አሳቡ ሌላ ነበር፤ ልጆቹን ከሚሲዮን እጅ አውጥቶ በአይሁድ ትምህርት ማሳደግ። ሁለት ወጣቶች ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ አንዱ ታምራት አማኑኤል ነው። ታምራት በዚያን ጊዜ አስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ፓሪስ ተማረ፣ ፍሎረንስ የረቢዎች ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያም ተመልሶ በ1923 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መራ። ከጎንደር መንደሮች ልጆች በእግርና በበቅሎ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከቤተ እስራኤል ልጆች ሃያ አምስት ያህሉ በተለያየ ጊዜ ወደ አውሮፓና ወደ እየሩሳሌም ተላኩ፤ የወለቃው አቶ ዮና ቦጋለ ከእነሱ አንዱ ናቸው። ሁሉም አልተመለሱም። ትምህርት ቤቱም ጣሊያን አገራችንን ሲወር ተዘጋ።

ስለ ፋይትሎቪች ብዙ መልካም ነገር ይነገራል፣ ይገባዋልም። አንድ ነገር ግን መናገር አለብን። እነዚያ ልጆች የተማሩት የአውሮፓን አይሁድነት ነው። የቄሶቻችን የግዕዝ ጸሎት፣ የመነኮሳቱ ሥርዓት፣ የበዓላቱ አቆጣጠር፣ ኦሪቱ የሚነበብበት ዜማ፣ ይህ ሁሉ ሊታረም የሚገባ ኋላ ቀር ነገር ተደርጎ ነው የታየው። የሽማግሌዎቹን ትረካ እየጠየቀ ይጽፍ የነበረው ታምራት ነው፤ ሁለቱን ዓለም ለማገናኘት የደከመ ሰው ነበር፣ ሸክሙም ከባድ ነበረበት። በ1963 እየሩሳሌም ውስጥ አረፈ። በአሽቀሎን ስንት ሰው ስሙን ያውቃል? ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስንት የአውሮፓ ረቢ ስም ሲያጠኑ ታምራት አማኑኤል የሚባል መምህር እንደነበራቸው ሳይሰሙ ያድጋሉ።

ሦስተኛው ጊዜ በ1955 ነው። አሥራ ሁለት ወጣቶች ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ መጡ፤ በ1956 አሥራ አምስት ተጨመሩ። ያን ጊዜ የእስራኤል መንግሥት በመመለስ ሕግ ገና አላወቀንም ነበር፤ ለዚያ እስከ 1975 መጠበቅ ነበረብን። እነዚያ ሃያ ሰባት ልጆች ዕብራይስጥ ተምረው ወደ መንደሮቻችን በመምህርነት እንዲመለሱ ነው የታሰበው፣ ብዙዎቹም ተመለሱ። ዕብራይስጥ በጎንደር ጎጆዎች የተሰማው በእነሱ አፍ ነው። ውለታቸው አይረሳም። እነሱም ግን ከሄዱበት የተማሩትን ይዘው ሲመጡ ከቄሶቹ ልማድ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ ነበር፤ ልጅ አባቱን የሚያርምበት ነገር እዚያ ላይ ጀመረ።

አያችሁ፣ ሦስት ጊዜ በር ተከፈተልን፤ ሦስቱንም ጊዜ ልጁ ሲገባ ቤቱ የሚያውቀው ነገር በር ላይ ቀረ።

ከዚያ እኛው መጣን። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል ስምንት ሺህ ያህል ወገን፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከአሥራ አራት ሺህ በላይ። በሱዳን መንገድ የቀሩትን አራት ሺህ ያህል ወገኖች እያንዳንዳችሁ ታስታውሳላችሁ፣ እኛ መናገር አያስፈልገንም። ወጣቶቹ ወዲያው ወደ ፕኒሚያ ተወሰዱ፤ አብዛኞቹ በዓሊያት ሀኖዓር አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው ያደጉት። ስማቸውም ተቀየረ። በመርካዝ ቅሊጣው አንድ ጸሐፊ «ይሄ ከብዶኛል» ስላለ ብቻ ስንት ሙሉቀን፣ ስንት አስናቀች፣ ስንት ዓለሙ ሌላ ስም ይዞ ወጣ። ወላጅ ወደ ፕኒሚያው ሲሄድ ልጁን በአዲሱ ስም ነበር መጠየቅ ያለበት። ዛሬ አንዳንዶቹ ልጆች ራሳቸው አድገው ወደ ሚስራድ ሀፕኒም እየሄዱ የድሮ ስማቸውን እያስመለሱ ነው።

ከፕኒሚያው ብዙ ልጅ የወጣው በሙያ ትምህርት እንጂ በሙሉ ባግሩት አልነበረም። ሙሉ ባግሩት ያለውም ቢሆን ፕሲኮሜትሪ የሚባል ፈተና ይጠብቀዋል። ይህን ፈተና በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛ፣ በሩስኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ መፈተን ተችሏል። በአማርኛ የለም። «ልጆቹ ዕብራይስጥ ያውቃሉ» ይሉናል፣ እውነት ነው። ዳሩ ግን በ1991 በአሥራ አምስት ዓመቱ የመጣ ልጅ ያን ጊዜ ምን ያህል ያውቅ ነበር? ከሩስያ የመጣው የዕድሜ እኩያው በቋንቋው ሲፈተን የእኛው ግን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ዕብራይስጥ «ከመርከብ ጋር እንደ ወደብ፣ ከአውሮፕላን ጋር እንደ ምን» እያለ የቃል ዝምድና ይፈልግ ነበር። ፈተናው አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው፣ እኩል ግን አልነበረም። እኩልነት ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ማግኘቱ ብቻ እንዳልሆነ እኛ ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

መኺናው የመጣው ለዚህ ነው። ሚንሃል ሀስቱዴንቲም ለዖሌ ተማሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያም እንዲሁ፤ ሚልጋውም፣ የማጠናከሪያ ሰዓቱም። እነዚህ ባይኖሩ ግድግዳችን ላይ ካሉት ፎቶዎች ስንቶቹ ይኖሩ ነበር? የኮሌጅ ቅርበትም ትልቅ ነገር ነው። የአሽቀሎን የአካዳሚ ኮሌጅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ለረጅም ጊዜ በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር የቆየ ተቋም ነው። ልጅ እናቱ ቤት አድሮ፣ ሽሮ በልቶ፣ በአውቶቡስ ሄዶ ይማራል። በቴል አቪቭ ቤት ተከራይቶ መማር ለእኛ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነበር። ልጃገረዶቹ በተለይ፣ ታናናሾቻቸውን ከጋን እየመለሱ፣ የወላጆቻቸውን የቢቱዋሕ ለኡሚ ደብዳቤ እየተረጎሙ፣ ማታ ማታ እየሠሩ ነው የተማሩት። ይህን የትኛውም መምህር በውጤታቸው ላይ አይቶት አያውቅም።

ሚልጋውን በተመለከተ ግን አንድ እሾህ አለ። «ለኢትዮጵያ ልጆች» ተብሎ ይሰጣል። ጥሩ። ባርዚላይ ሆስፒታል የተወለደች፣ ጎንደርን በፎቶ ብቻ የምታውቅ ልጅ እስከ መቼ ነው የኢትዮጵያ ዖላ የምትባለው? ከአርጀንቲና የመጣ ሰው ልጅ እዚህ ሲወለድ እስራኤላዊ ነው፤ የእኛ ልጅ ግን ሦስተኛ ትውልድም ሆና መዝገቡ ላይ እንዳለች ናት። የክፍል ጓደኞቿም «አንቺ እኮ በነፃ ነው የገባሽው» ይሏታል። አንዳንድ ወላጅ በዚህ ተናዶ «ተይው፣ ሚልጋውን አትውሰጂ» ሲል ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ገንዘቡ ይወሰድ። የሰላሳ ዓመት የጎደለ ባግሩት ተከማችቶ ነው ወደ ገንዘብ የተቀየረው፣ የማንም ስጦታ አይደለም። የምንቃወመው ለብቻቸው ክፍል ሲከፈትላቸው ነው፤ ለብቻ ክፍል ብዙ ጊዜ በደግ ልብ ይጀመርና ግድግዳ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ክፍሉ ውስጥ ምን ይነገራል?

ከልጆቻችን አንዷ ሶሻል ወርክ ስትማር የገጠማትን እንናገር። ተቋሙን አንጠራም፣ ከአሽቀሎን ውጭ ነው። መምህርቷ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ላይ «የቅሊጣ ችግር ያለባቸው ቤተሰቦች» የሚል ርዕስ አወጡ። ምሳሌው ሁሉ እኛ ነበርን። አባት ሥልጣኑን ያጣ፣ እናት ከቤት የማትወጣ፣ ልጅ መሀል ላይ የተሰነጠቀ። ግራፍ አለው፣ ቀስት አለው። ልጅቷ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ስልሳ ተማሪዎች ብቸኛዋ የእኛ ልጅ ነበረች፤ ስልሳውም ዞረው አዩዋት። መምህርቷም በደግነት «አንቺ ከውስጥ ስለምታውቂው ትነግሪን ይሆን?» አሏት። ምን ትበል? የአባቷን ገመና ትዘርዝር? ወይስ የመቶ ሺህ ሰው ጠበቃ ሆና ትቁም? «ምንም የምጨምረው የለኝም» አለች። ማታ ቤት ገብታ ለአባቷ ምንም አልነገረችም። ለእኛ የነገረችን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ «አባቴን በዚያ ግራፍ ውስጥ ለማየት ሞከርኩ፣ አልነበረም» ብላ።

አባቷን እናውቃቸዋለን። በአገራቸው ስለ ድንበር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ደም የተጣላ ሰው ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ወገን ዛፍ ሥር አስቀምጠው፣ ሁሉም እስኪናገር ታግሰው፣ ጥፋተኛውን ሳያዋርዱ ካሳ ያስከፍሉ ነበር። ይህ ዛሬ በሶሻል ወርክና በሕግ ክፍሎች ጊሹር እየተባለ በክፍያ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሰውየው በሴሚስተሩ የገቡት እንደ ችግር ነው፤ እንደ ባለሙያ ሊገቡ ይችሉ ነበር።

በመጻሕፍቱም ያው ነው። ስለ እኛ ብዙ ተጽፏል፤ ቮልፍ ሌስላው በ1951 የጸሎቶቻችንንና የመጻሕፍቶቻችንን ስብስብ በእንግሊዝኛ አሳተመ፣ ስቲቨን ካፕላንና ጄምስ ኩሪን በ1992 ታሪካችንን ጻፉ። ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፣ የደከሙበትም ናቸው። በ1999 ደግሞ ፕሮፌሰር ሀጋር ሳላሞን አንድ መጽሐፍ አወጡ፤ ርዕሱ በአማርኛ «የጅብ ሰዎች» እንደማለት ነው። ሽማግሌዎች ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤቶቻችን ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው እያሉ የሚያሙን ነገር ነው። ደራሲዋ ሊሰድቡን አልጻፉትም፤ ያንን ሐሜት ሊመረምሩት ነው። ግን አንድ የእኛ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስለ አያቱ የተጻፈውን ሲፈልግ መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው ያ ስም ነው። ስለ ጅቡ ከተጻፈው ጎን ስለ አንጥረኛው፣ ስለ ሸማኔው፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋ እጅ በእኛው ሰው የተጻፈ ቢደረደር ኖሮ ርዕሱ ባልከበደን ነበር። ሲርበን የኖረው ይኼ ሁለተኛው መጽሐፍ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከኅዳር 1968 እስከ መጋቢት 1969 ድረስ የመንግሥት ኮሌጁ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ነበር። ጥቁሮቹ፣ ሜክሲካውያኑ፣ ከእስያ የመጡት፣ ቀያይ ሕንዶቹ አንድ ላይ ሆኑ። «አስገቡን» ብቻ አላሉም፤ «የምታስተምሩት ውስጥ የለንም» አሉ። ብዙ ተማሪ ታስሮ፣ ብዙ ተደብድቦ በመጨረሻ የእነዚህን ሕዝቦች ታሪክና ኑሮ የሚያስተምር ራሱን የቻለ ክፍል በዚያው በ1969 ተከፈተ። ዛሬ በዓለም ያሉ ኮሌጆች ብዝኃነት፣ አካታችነት እያሉ የሚያወሩት ነገር አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

እዚህ አገርስ? በአሽቀሎን የአካዳሚ ኮሌጁ ያለበት ጎዳና በይስሐቅ ቤን ጽቪ ስም ይጠራል። ቤን ጽቪ የአገሩ ሁለተኛ ፕሬዚደንት ብቻ አልነበረም፤ የምሥራቅ አይሁዶችን ታሪክ የሚያጠና ሰው ነበር፣ ለዚህም በ1947 በእየሩሳሌም ተቋም መሥርቷል። ማለት፣ ጥናቱ ከጥንት ነበረ፤ ወደ ተራው ክፍል፣ ወደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ደብተር ግን አልደረሰም። የሞሮኮዎቹና የኢራቆቹ ልጆችም ይኼንኑ ሲሉ ነው የኖሩት። በ2016 ባለቅኔው ኤሬዝ ቢቶን የመራው ኮሚቴ የስፋራድና የምሥራቅ አይሁዶች ቅርስ በትምህርት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ረጅም ዘገባ ለትምህርት ሚኒስቴር አቀረበ።

በዚያው በ2016 የእኛም መጣ። በ1996 የደማችን መደፋት ሲሰማ እየሩሳሌም የወጣነው እኛ ነን፤ በ2015 ደግሞ በእየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ልጆቻችን ወጡ። ከዚያ በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በኢትዮጵያ ትውልድ እስራኤላውያን ላይ ያለውን ዘረኝነት መርምሮ 53 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ፖሊስን፣ ጤናን፣ ሥራን፣ ትምህርትን የሚነኩ ናቸው። ዘረኝነትን የሚከታተል ቢሮም በፍትሕ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ብዙ ሰው ከዚህ ዘገባ የሚያስታውሰው የፖሊሱን ነገር ነው፣ ልክም ነው፣ የልጅ ሕይወት ይቀድማል። ስለ ትምህርት የተባለውን ግን ወላጆች አጥብቀን አልያዝነውም። ጥፋቱ ከፊሉ የእኛ ነው።

ሆኖም ነገሮች እየተንቀሳቀሱ ነው፣ ይህንንም እንናገር። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የመንግሥት በዓል ነው። አማርኛ የባግሩት ፈተና አለው፤ ለዚህም ብዙ የደከሙት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሴማዊ ቋንቋዎች ምሁር የሆኑት ፕሮፌሰር አንበሳ ተፈራ ናቸው። በዚያው በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የቤተ እስራኤል ልጆች ኦሪትን በግዕዝ የሚያጠኑበት የማስተርስ ፕሮግራም ተከፍቷል። አስቡት፤ ቄሱ በግዕዝ አንብቦ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሲያስረዳ ልጁ እየሰማ ያደገበት ያ ንባብ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ማስተርስ ሆኗል። በኦኖ የአካዳሚ ኮሌጅ ደግሞ የኢትዮጵያ አይሁዶች ጥናት ማዕከል አለ፤ የሚመሩት ረቢ ዶክተር ሻሮን ሻሎም በልጅነታቸው በሱዳን በኩል በ1982 የመጡ የእኛው ልጅ ናቸው። ይህን ስናይ ደስ ይለናል። ግን አንድ ስጋት አለን፤ ማዕከሉ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ነገር ማዕከል ውስጥ ከተዘጋ ግን ያችኛዋ የሶሻል ወርክ መምህርት ቀስትና ግራፏን ይዛ ትቀጥላለች። የግዕዙ ማስተርስ ለአሥር ሰው ነው፤ የአንደኛ ዓመቱ ክፍል ለሺዎች።

ሌላ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነግረን እናብቃ። እዚህም ተቋሙን መጥራት አያስፈልግም።

አንዲት የልጅ ልጅ ስለ ሴቶች ጤና ሰሚናሪዮን ልትጽፍ ነው። መምህሩ ባቀረበው ትምህርት ላይ ስለ መርገም ጎጆ አንድ ገጽ ነበረ፤ የወር አበባ ያላት ሴት ሰባት ቀን ከቤት ርቃ የምትቆይበት፣ በድንጋይ የተከበበ ጎጆ፤ ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ። ከሥሩ «የሴት መገለል» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ እጇን አነሳችና «አያቴ እዚያ ጎጆ ውስጥ ኖራለች፣ መጥታ ትናገር?» አለች። መምህሩ ጥቂት አሰበና እሺ አለ። እኛ ይህን መምህር እናመሰግናለን፤ ብዙው አይልም።

አያቲቱ ነጠላቸውን ለብሰው ሄዱ። የልጅ ልጃቸው ትተረጉማለች። እንዲህ አሉ፤ «ብርዱ ብርድ ነው፣ አልዋሽም። ክረምት ሲሆን ጣራው ያፈስሳል። ምግብ ሲያመጡልኝ ድንጋዩን ሳይሻገሩ አስቀምጠው ይሄዳሉ፣ ልጄ ከወዲያ ሆኖ ሲያለቅስ ማንሳት አልችልም፣ ያ ይከብድ ነበር። ግን በዚያ ሰባት ቀን ውሃ ቅጅ፣ እንጨት ልቀሚ፣ እህል ፍጪ የሚለኝ የለም። ሁለት ሦስት ሴቶች ከሆንን ጥጥ እየፈተልን እናወራለን፣ እንስቃለን። ልጅ ሲወለድ ደግሞ አርባ ቀን፣ ሰማንያ ቀን ማንም ሥራ አያዘኝም። እስራኤል አገር ስመጣ ያ ቀን ጠፋብኝ። ወልጄ ብዙ ሳልቆይ የሰው ቤት ላጸዳ ሄድኩ።»

ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ተማሪ፣ ከሌላ ወገን ናት፣ «ታዲያ ይመለስ ትያለሽ?» ብላ ጠየቀች። አያቲቱ ሳቁ። «ለእኔ አልፏል። እናንተ ግን ስትወልዱ ስንት ቀን ታርፋላችሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ወሊድ ፈቃድ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ባል ሆነ፤ የሩስያዋም፣ የሞሮኮዋም፣ በዳዊቷም የየአያቷን አመጣች። መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ገጽ ይዞ ሲመጣ ከሥሩ የነበረውን ሁለት ቃል አጥፍቶ የአያቲቱን ቃል፣ ብርዱንም ዕረፍቱንም፣ ጽፎበት ነበር። ሌላ ነገር አልጨመረም።

አያቲቱ ከዚያ ወዲህ በየሄዱበት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ለመሆኑ ለዚያ ቀን አውቶቡሱን ማን ነው የሚከፍለኝ?» እውነታቸውን ነው። ፕሮፌሰር ከሌላ ከተማ ተጋብዞ ሲናገር ይከፈለዋል።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገው ነገር አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መኺና የገባችሁ፣ ወይም ልጃችሁ የገባ፣ የመጀመሪያውን ቀን እንደምታስታውሱት ጻፉልን፤ ክፍሉ ውስጥ ስንት ነበራችሁ፣ በየትኛው ስም ነበር የምትጠሩት፣ ስለ እኛ ምን ተባለ፣ ማን መለሰ። በክፋር ባትያ ከተማሩት መካከል ዘመድ ያላችሁ ፎቶ ካለ አንሥታችሁ ላኩልን፣ ዋናውን ግን ከእጃችሁ እንዳታወጡ። በአማርኛም በትግርኛም በዕብራይስጥም ይሁን። መጻፍ የማይመቻችሁ አባቶችና እናቶች የልጅ ልጅ ስልክ ላይ በድምፅ ተናገሩ፣ እኛ እንጽፈዋለን። ስማችሁ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ አናወጣም።